ነጭ ላባ፣ ደብዛዛ ዓይን፦ የወፍ ፎቶ ኤዲት ሲደረግ ለምን ፕላስቲክ ይመስላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ሰፊና ጥቁር ውሃ ዳር የቆመች ነጭ ሳቢሳ በ24 ሜጋፒክስል ፉል ፍሬም ካሜራና በ600 ሚሊሜትር ሌንስ አንስተዋል። ሻተር ስፒዱ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/640 ሰከንድ፣ አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 6.3፣ አይኤስኦው (የካሜራው የብርሃን ስሜት መጠን) 3200 ነበር። ወፏ ሩቅ ስለነበረች 6000 በ4000 ፒክስል ከሆነው ፎቶ 1500 በ1000 ያህሉን ብቻ ቆርጠው አስቀሩ። ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ውስጥ ክላሪቲና ሻርፕኒንግ (የብርሃንና የጥላን ልዩነት የሚያጎላና ጠርዝን የሚያጠራ ማስተካከያ) ሲጨምሩ ላባው ፕላስቲክ መሰለ፣ ነጩ ዝርዝር አጣ፣ ጀርባው በኖይዝ (በጥቃቅን ነጠብጣብ) ተሞላ። ሰው ሲያማክሩ ደግሞ አንዱ «የበለጠ ቁረጠው»፣ ሌላው «ጭራሽ አትቁረጠው»፣ ሦስተኛው «ቀለም ጨምርበት» አሏቸው። «ማንን ልስማ? ፎቶውስ ይተርፋል?» ይላሉ።

የመትረፍ ዕድል አለው፤ አሁን በያዙት መንገድ ግን አይተርፍም። ፎቶው ላይ የተደረገው ነገር ሁሉ የተደረገው ወፏ ላይ ነው፦ ወፏን ለማቅረብ መቁረጥ፣ ወፏን ለማጉላት ክላሪቲ፣ ወፏን ለማጥራት ሻርፕኒንግ። ፋይሉ ይህን ሁሉ የሚሸከም አቅም የለውም። ወፏን ለማውጣት የተሻለው መንገድ በዙሪያዋ ያለውን ነገር ዝቅ ማድረግ ነው፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ከቁጥሩ እንጀምር። 1500 በ1000 ፒክስል ከዋናው ፎቶ አንድ አሥራ ስድስተኛው ነው፤ እጅዎ ላይ የቀረው 1.5 ሜጋፒክስል ብቻ ነው። የቀነሰው ፒክስሉ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ከሰበሰበው ብርሃንም ያስቀሩት አንድ አሥራ ስድስተኛውን ነው፤ ያንን በቀድሞው የስክሪን ስፋት ዘርግተው ሲያዩት ኖይዙ በአራት ስቶፕ (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው) ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። በ3200 አይኤስኦ የተነሳው ፎቶ በ51200 የተነሳ ይመስላል ማለት ነው። ስለዚህ የጀርባው ኖይዝ የካሜራዎ ጥፋት አይደለም። እዚህ ፋይል ላይ ሻርፕኒንግ ሲጨመር ሶፍትዌሩ ላባን ከኖይዝ መለየት ስለማይችል ሁለቱንም አብሮ ያጎላቸዋል፤ ቀጥሎ ኖይዙን ለማጥፋት ሲሞከር ላባው አብሮ ይታጠባል። ፕላስቲክ መልክ የሚመጣው ከዚህ ነው፦ መጀመሪያ ተጋንኖ፣ ከዚያ ተለስልሶ።

ማንኛውንም ስላይደር (ተንሸራታች ማስተካከያ) ከመንካትዎ በፊት ራው ፋይሉን (ካሜራው ሳይጨምቅና ሳያስተካክል ያስቀመጠውን) በ100 በመቶ ያጉሉት፣ ማለትም አንድ የፎቶ ፒክስል በአንድ የስክሪን ፒክስል ልክ ሲታይ። ከዚያ የሳቢሳዋን ዓይን ያግኙ። ዓይኗ ላይ ያለችው የብርሃን ነጥብ ብዙ ትናገራለች። ትንሽና ክብ ከሆነች ፎከሱ ደህና ነው። እንደ አጭር መስመር ከተሳበች እንቅስቃሴ ነበር፤ መስመሩ የተጋደመበት አቅጣጫ የእንቅስቃሴው አቅጣጫ ነው። ሰፍታና ገርጥታ እንደ ሳንቲም ከተዘረጋች ፎከሱ ስቷል።

ቀጥሎ ዓይንዎን ከወፏ ያንሱና ድንጋዩንና ሣሩን ይመልከቱ። ዓይኗ ፈዝዞ ከፊቷ ያለው ሣር ወይም ከኋላዋ ያለው ድንጋይ ጥርት ካለ ፎከሱ ሌላ ቦታ አርፏል። በ600 ሚሊሜትርና በኤፍ 6.3፣ ወፏ 10 ሜትር ላይ ብትሆን፣ ጥርት የሚለው ጥልቀት 10 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። የፎከስ ነጥቡ የክንፏን ትከሻ ከያዘ ዓይኗ ከዚያ ውጭ ሊወድቅ ይችላል። ወፏም፣ ድንጋዩም፣ ሣሩም ባንድ አቅጣጫ ከተሳቡ የተነቃነቀው ካሜራው ነው። ድንጋዩ ጥርት ብሎ የምንቃሯ ጠርዝ ብቻ ድርብ ከሆነ የተንቀሳቀሰችው እሷ ናት። ሁሉም ነገር ግን አቅጣጫ በሌለው መልኩ ከተወላገደና ቀጥ ማለት የነበረበት ሸምበቆ ከተንሻፈፈ፣ ጥፋቱ ከመሬት የሚነሳው ሙቅ አየር ነው። ይህኛውን ውድ ሌንስም ሆነ ፈጣን ሻተር አያድነውም፤ መፍትሔው መቅረብ ወይም በማለዳ መምጣት ነው።

ይህን መለየት ያስፈለገበት ምክንያት ሻርፕኒንግ ሁሉንም አንድ ዓይነት ስለማይረዳ ነው። ትንሽ የሌንስ ልስላሴን ያስተካክላል፤ የብዙ ቴሌ ዙም ሌንሶች ጥራት በረጅሙ ጫፍና በሰፊው አፐርቸር ላይ ይቀንሳል፣ ወደ ኤፍ 8 ሲወርዱ ይሻላል። ድርብ የሆነን ጠርዝ ግን ሻርፕ ማድረግ ሁለት ጥርት ያሉ ጠርዞችን ነው የሚሰጥዎት። ዓይኗ በግልጽ ከፎከስ ውጭ ከሆነ ይህን ፎቶ ትተው በዚያው ሰዓት ከተነሱት ሌላውን ይፈልጉ። ቆማ ያለች ወፍ ሲያነሱ አሥርና አሥራ አምስት ተከታታይ ፎቶ መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ዓይኗ ደህና ነው እንበልና ወደ ነጩ ላባ እንሂድ። ነጩ የተቃጠለበት (ከመጠን በላይ ደምቆ ዝርዝር ያጣበት) ምክንያት በገለጻዎ ውስጥ አለ። ወፏ ትንሽና ነጭ ናት፣ ውሃው ሰፊና ጥቁር ነው። ካሜራው በአማካይ ሲለካ የፍሬሙን ጨለማ ክፍል ወደ መካከለኛ ድምቀት ለማምጣት ይሞክራል፤ እግረ መንገዱን ነጩን ከአቅሙ በላይ ይገፋዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽኑን (ካሜራው የለካውን ድምቀት ማስተካከያውን) ከ−1 እስከ −1.7 ድረስ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። በደማቅ ሰማይ ላይ ቁራ ቢያነሱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ መጨመር ይሆናል።

ያለው ፋይል ይዳን እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ሙከራ አለ። ኤክስፖዠሩን (አጠቃላይ ድምቀቱን) ለጊዜው ወደ −2 ይጎትቱትና ደረቷንና የአንገቷን ጎን በ100 በመቶ ይመልከቱ። የላባ መስመር ብቅ ካለ መረጃው ራው ውስጥ አለ። ቦታው መስመር ሳያወጣ እንደ ተቀባ ግድግዳ ወደ ግራጫ ብቻ ከተለወጠ ግን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሦስቱም ሞልተው ፈሰዋል፤ የትኛውም ስላይደር የሌለን ላባ አያመጣም። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ሞልቶ ከሆነ ሶፍትዌሩ ከቀሪዎቹ ተነስቶ ሊጠግነው ይችላል። ያነሱት በጄፔግ (ካሜራው ጨምቆ በሚያስቀምጠው ፋይል) ብቻ ከሆነ ተስፋው ይጠባል፤ ባለ 14 ቢት ራው ለእያንዳንዱ ቀለም 16384 ደረጃ ሲይዝ ጄፔግ የሚይዘው 256 ነው።

ዝርዝሩ ካለ ኤክስፖዠሩን ወደ ቦታው ይመልሱና የደማቁን ክፍል ስላይደሮች ይያዙ፦ ሃይላይቱን ከ−60 እስከ −80፣ ዋይቱን −20 አካባቢ ያድርጉት። አሁን ጠቋሚውን ነጩ ላባ ላይ አሳርፈው ከሂስቶግራሙ (የድምቀቱን ስርጭት ከሚያሳየው ግራፍ) ሥር ያሉትን ሦስት የመቶኛ ቁጥሮች ያንብቡ። በጣም ደማቁ ላባ ከ92 እስከ 96 በመቶ፣ ዝርዝር የሚታይበት የሰውነቷ ክፍል ከ80 እስከ 90 በመቶ ቢያነብ ጥሩ ነው። ሃይላይቱን −100 አድርሰው ሁሉንም 75 ላይ ካወረዱት ወፏ የቆሸሸች ትመስላለች፤ ነጭ ወፍ ነጭ መሆን አለባት። እነዚሁ ቁጥሮች ዋይት ባላንሱንም (የቀለሙን ሙቀትና ቅዝቃዜ) ይነግሩዎታል። ሰማያዊው ከቀዩ በብዙ ነጥብ ከበለጠ ላባው ጥላ ውስጥ ቀዝቅዟል፣ በጥቂቱ ያሙቁት። የማለዳ ብርሃን ከሆነ ግን ቀዩ ትንሽ ይብለጥ። ሦስቱን እኩል ለማድረግ ተብሎ ያ ብርሃን ሲታጠብ ማየት ያሳዝናል።

ቀጥሎ ኖይዝ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሻርፕኒንግ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ላይትሩም ከ2023 ጀምሮ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠራ ዲኖይዝ (ኖይዝ ማጥፊያ) አለው፤ ሲከፈት 50 ላይ ይቆማል። ለላባ ከ30 እስከ 45 ያለውን እመርጣለሁ። ከዚያ ሲያልፍ ሶፍትዌሩ የሌለ የላባ ጭረት መፈልሰፍ ወይም ያለውን እንደ ሰም ማለስለስ ይጀምራል። ጥቂት ኖይዝ ቢቀር ይቅር፤ ማንም ሰው ፎቶን በኖይዙ ምክንያት አይጠላውም፣ ሰም የመሰለን ወፍ ግን ወዲያው ይለየዋል። ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጉ ዳርክቴብል የተባለ የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፤ ለየካሜራው ሞዴል በተለካ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ኖይዝ የሚቀንስ መሣሪያ አለው።

ሻርፕኒንጉን አሁን ካለበት ያውርዱት። የላይትሩም መነሻ አማውንት 40፣ ሬዲየስ 1.0፣ ዲቴይል 25፣ ማስኪንግ 0 ነው። ለሳቢሳዋ አማውንቱን ከ45 እስከ 60፣ ሬዲየሱን 0.8 ያድርጉና ዲቴይሉን 25 ላይ ይተዉት፤ ከ50 ሲያልፍ ኖይዝን ቆፍሮ ያወጣል። ዋናው ነገር ማስኪንጉ ነው። ዊንዶውስ ላይ አልት፣ ማክ ላይ ኦፕሽን የሚባለውን ቁልፍ ተጭነው ስላይደሩን ሲጎትቱ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ነጭ የሆነው ሻርፕኒንግ ያርፍበታል፣ ጥቁር የሆነውን ያልፈዋል። ውሃው ሙሉ በሙሉ ጠቁሮ የወፏ ጠርዝ፣ ምንቃሯ፣ ዓይኗና የላባዋ መስመሮች ብቻ ነጭ ሆነው እስኪቀሩ ይጎትቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ከ60 እስከ 80 ባለው ውስጥ ይገኛል። የጀርባው ኖይዝ ግማሹ እዚህ ይጠፋል፣ እስካሁን ውሃውንም ሻርፕ ሲያደርጉት ነበርና።

ክላሪቲውን ዜሮ ያድርጉት። ክላሪቲ የሚሠራው ሰፋ ባለ አካባቢ ውስጥ ያለውን የብርሃንና የጥላ ልዩነት በማራቅ ስለሆነ ነጭ ነገር ከጥቁር ውሃ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ጭጋግ የመሰለ ቀለበት ያወጣል። ላባ ማውጣት ከፈለጉ ወፏን ብቻ በያዘ ማስክ (ማስተካከያው የሚያርፍበትን ቦታ በሚወስን ምርጫ) ቴክስቸሩን ከ10 እስከ 15 ይጨምሩ፤ ቴክስቸር የሚነካው ጥቃቅኑን ነው።

አሁን አቆራረጡ። 1500 በ1000 የሆነውን ይጣሉትና 3000 በ2000 አካባቢ ያስቀሩ። ወፏ በፍሬሙ ውስጥ ታንሳለች፣ ታንስ። ያንን 3000 ወደ 1500 አሳንሰው ሲያሳዩት አራት ፒክስል ወደ አንድ ስለሚጨመቅ ኖይዙ በግማሽ ይቀንሳል፣ ጠርዙም ይጠራል። ሌላም ትርፍ አለው፦ ሳቢሳ የውሃ ዳር ወፍ ናት፣ ውሃውና ሸምበቆው ፎቶው ውስጥ ሲኖሩ ምን እያደረገች እንደሆነ ይታያል። በምትመለከትበት በኩል ከጀርባዋ ይልቅ ሰፋ ያለ ቦታ ይተዉ። እግሮቿ ውሃ ውስጥ ከሆኑ ፍሬሙን ውሃውን ከነኩበት ልክ አይቁረጡት፤ የተደበቀው እግር ይዘልቅ የነበረውን ያህል ቦታ ከታች ይቅር። ነጸብራቋ ውሃው ላይ ካለ ወይ ሙሉውን ያስገቡት፣ ወይ አብዛኛውን ይቁረጡት። ምንቃሩ ጫፍ ላይ የተቆረጠ ነጸብራቅ ስህተት ይመስላል።

ከዚህ በኋላ ወፏን የምታወጣው ሥራ ትመጣለች። ሰብጀክት የሚለውን ማስክ ይምረጡና ይገልብጡት፤ አሁን የተያዘው ከወፏ ውጭ ያለው ሁሉ ነው። ኤክስፖዠሩን ከ−0.2 እስከ −0.4፣ ቴክስቸሩን −15፣ አረንጓዴው ከጮኸ ሳቹሬሽኑን (የቀለሙን ድምቀት) −10 ወይም −15 ያድርጉ። ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ሲሄዱ ወፏ ከሌላ ፎቶ ተቆርጣ የተለጠፈች ትመስላለች። ማስኩን በ200 በመቶ አጉልተው ሦስት ቦታ ይፈትሹ፦ በሁለቱ እግሮቿ መካከል ያለውን ክፍተት፣ በጀርባዋ ላይ የተንጠለጠሉትን ቀጫጭን ላባዎችና የምንቃሯን ጫፍ። ማስኩ የሚስተው አዘውትሮ እነዚህን ነው፤ በትንሽ ብሩሽ ያስተካክሉት። ነጸብራቋንም አይርሱ። ወፏን አድምቀው ነጸብራቋ ከውሃው ጋር አብሮ ከጨለመ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር ይቆረቁረዋል። ነጸብራቅ ከወፏ ትንሽ ጨለም ይላል እንጂ በጣም አይርቃትም።

በፍሬሙ ዳር ደማቅ ድንጋይ ወይም የሚያብረቀርቅ ውሃ ካለ በብሩሽ −0.5 ማጨለም ይበቃል። ዓይኗን በጣም በትንሽ ብሩሽ +0.2 ወይም +0.3 ማንሳት ይቻላል፤ የብርሃን ነጥቧን ሳይነኩ፣ ነጥብ ከሌላትም ሳይፈጥሩ። ቀለም መጨመር ለዚህ ፎቶ አያስፈልግም። በነገራችን ላይ ደማቅ ቀይ ወፍ ሲያጋጥምዎ ሂስቶግራሙን በየቀለሙ ይመልከቱት። ጠቅላላው ደህና መስሎ ቀዩ ብቻ ሞልቶ ይፈስና ላባው አንድ ወጥ ቀይ ይሆናል፤ መድኃኒቱ የቀዩን ሳቹሬሽን መቀነስ ነው።

ዳር ያለን ሸምበቆ ማጥፋት ይቻላል ወይ? ለግድግዳዎ ከሆነ ምርጫው የእርስዎ ነው። ለተፈጥሮ ፎቶ ውድድር ከሆነ አይሆንም። ፊያፕ (ዓለም አቀፉ የፎቶግራፍ ጥበብ ፌዴሬሽን)፣ የአሜሪካው ፎቶግራፊክ ሶሳይቲና የብሪታንያው ሮያል ፎቶግራፊክ ሶሳይቲ በጋራ የሚጠቀሙበት የተፈጥሮ ፎቶ ፍቺ ከመቁረጥ በቀር በፎቶው ውስጥ ያለን ነገር መጨመርን፣ ቦታ ማዛወርን፣ መተካትንም ሆነ ማንሳትን አይፈቅድም። የሴንሰር አቧራ ማጽዳትና ኖይዝ መቀነስ ተፈቅደዋል። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚያዘጋጀው ዓመታዊ የዱር አራዊት ፎቶ ውድድርም ለመጨረሻው ዙር ከሚደርሱት ራው ፋይሉን ይጠይቃል። ስለዚህ ራው ፋይልዎን አይደምስሱ፤ ነገር ካጠፉም ሲያሳዩ ይናገሩ።

ወደ ሦስቱ መካሪዎች ልመለስ። አስተያየት ውስጥ ሁለት ነገር አለ፦ ሰውየው ያየው ችግርና የሚያዝልዎት መድኃኒት። ችግሩን ያመኑት ያህል መድኃኒቱን አይመኑ። «የበለጠ ቁረጠው» ያለው ሰው ጀርባው ወፏን ሲሻማት አይቷል። «አትቁረጠው» ያለው የተበጣጠሰውን ጥራት አይቷል። «ቀለም ጨምርበት» ያለው ደግሞ ነጩ ዝርዝር አጥቶ መሞቱን አይቶ የጎደለው ቀለም መሰለው። ሦስቱም ያዩት እውነት ነው፤ የሰጡት መድኃኒት እርስ በርሱ ይጋጫል። የተለያዩ ሰዎች ሳይነጋገሩ በአንድ ቦታ ላይ ከተሰናከሉ ያ ቦታ ችግር አለበት፣ እንዴት እንደሚጠገን ግን ፋይሉን የያዙት እርስዎ ያውቃሉ። «ቆንጆ ነው» የሚለውንም በደስታ ይቀበሉት፣ ከእሱ ግን ለኤዲት የሚሆን ነገር አይጠብቁ።

ጥያቄው ሲጠብ መልሱም ይጠባል። ሌላ ጊዜ አስተያየት ሲጠይቁ ያልተነካውን ሙሉ ፎቶ፣ ኤዲት የሆነውንና የዓይኗን አካባቢ የሚያሳይ የ100 በመቶ ቁራጭ አብረው ያቅርቡ፤ ሻተሩን፣ አፐርቸሩን፣ አይኤስኦውንና የሌንሱን ርዝመት ይጻፉ። ፎቶው ጎጆ ላይ ያለች ወይም በቀላሉ የማትገኝ ወፍ ከሆነ የጂፒኤስ መረጃውን ከፋይሉ ያውጡ፤ ቦታው ሲታወቅ ሰው ይጎርፋል፣ ወላጆቹም ጎጆውን ጥለው ሊሄዱ ይችላሉ። ሲያስቀምጡት ረጅሙን ጎን 2000 ፒክስል፣ ቀለሙን ኤስአርጂቢ (ለስክሪን የተለመደው የቀለም መለኪያ)፣ የጄፔግ ጥራቱን ከ80 እስከ 90 ያድርጉ። ስክሪንዎ በጣም ከደመቀ ኤዲትዎ ሌላ ሰው ዘንድ ጨልሞ ይደርሳል፤ የስክሪኑን ድምቀት በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ ማድረግ የተለመደ ነው፣ መለኪያ ከሌለዎት ከጎኑ ካስቀመጡት ነጭ ወረቀት እንዳይበልጥ አድርገው ያውርዱት።

አዲሱን ኤዲት ሠርተው በዚያው ቀን አይልኩት። አንድ ሌሊት ያሳድሩት፣ ጠዋት በአውራ ጣት ጥፍር መጠን አሳንሰው ይዩት፣ ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ ገልብጠው ይዩት። ሲገለበጥ ዓይን ስለማይለምደው ቀለበቱም፣ የጨለመው ጀርባም፣ ዳር የቀረው ደማቅ ድንጋይም ብቅ ይላል። ለሰው ሲያሳዩት «እንዴት ነው?» ከማለት ይልቅ ይህን ብቻ ይጠይቁ፦ «ዓይናችሁ መጀመሪያ የት አረፈ? ቀጥሎስ ወዴት ሄደ?»